የአባዬ ኮምፒውተርና ጥቅምት 4

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የማወራችሁ ከሐዋሳ ነው። መሽቷል። ቤታችን አቶቴ መንገድ ዳር ስለሆነ የባጃጅ ድምፅ ጣልቃ ሊገባ ይችላል፤ ታገሡኝ።

ዛሬ ስለ አንድ ኮምፒውተር ነው የማወራው። ሳሎናችን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን የተቀመጠ ዴስክቶፕ ነው። የአባዬ ነው። ተጠቅሞ ሲጨርስ ያጠፋዋል፣ ሶኬቱን ይነቅላል፣ ከዚያ እማዬ የሠራችውን ዳንቴል ያለብሰዋል። የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም ዊንዶውስ 10 ነው። ይህን ኮምፒውተር ወደ ዊንዶውስ 11 ላሳድገው ወይስ ባለበት ይቆይ? ይህ ጥያቄ ሦስት ወር ሙሉ አብሮኝ ከረመ።

ነገሩ የተነሳው ስክሪኑ ላይ በመጣ መልእክት ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል ይላል። አባዬ ጠራኝ። “ነይ እስኪ፣ ይሄ ምን እያለ ነው?” አነበብኩለት። “ታዲያ መሥራት ሊያቆም ነው?” አለኝ። አያቆምም አልኩት። “ካላቆመ ተይዋ!” አለና ወደ ጽሑፉ ተመለሰ።

አባዬን አልፈርድበትም። የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል? እኔም መጀመሪያ ላይ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ዊንዶውስ 10 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ደግሞ ኦክቶበር 14፣ 2025 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላም ይነሳል፣ ወርዱም ይከፈታል፣ ፕሪንተሩም ያትማል። የቀረው በየወሩ የሚመጣው ጥገና ነው። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ላይ የተገኙ ቀዳዳዎችን የሚደፍን አፕዴት ይለቃል። ያ ነው የቆመው።

“ጥገናው ቢቀርስ? ኮምፒውተራችን ያው የድሮው ነው” ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ነገር ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ የውስጥ ክፍል ይጋራሉ። ለ11 ጥገና በወጣ ቁጥር፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ጥገናውን ፈትቶ ቀዳዳው የት እንደነበረ ያያል። ከዚያ ዊንዶውስ 10 ላይ እዚያው ቦታ ይሞክረዋል። ጎረቤት አጥሩን ባጠበቀ ቁጥር የእኛ አጥር የት ጋ እንደላላ ለሌባ እየተነገረው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ባለበት አይቆይም። ማንም ሳይነካው፣ ዳንቴል ለብሶ እንደተቀመጠ፣ በየወሩ እየላላ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ከሦስት ዓመት በፊት ላቆመለት፣ ኤክስፒ ለሚባለው የድሮ ዊንዶውስ ጭምር በአስቸኳይ ጥገና ለቀቀ። ያን ያህል ከብዶ ነበር።

የእኛ ቤት አደጋ ግን ከዚያ ይልቅ ቅርብ ነው። ፍላሽ ነው። አባዬ የእድር ጸሐፊ ነው። ቃለ ጉባኤውን ቤት ይጽፋል፣ በፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ያባዛል። ያ የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር በቀን የስንት ሰው ፍላሽ ይሰካበታል? አንድ ጊዜ ተመልሶ ሲሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁን። ያኔ ፋይሎቹ ተደብቀው ስለነበር አወጣኋቸው። አባዬ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላም።

እንግዲህ ይለወጥ ብዬ ወሰንኩ። ግን ዊንዶውስ 11 ዝም ብሎ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ አይገባም። አራት ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ የማከማቻ ቦታ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታመነ ፕሮግራም ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገው ሴኪዩር ቡት፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምስጢር ቁልፎችን የሚይዝ የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ነው። ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። የራሳችሁን ማወቅ ቀላል ነው። በፕሮሰሰሩ ስም ላይ አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 8400 ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ነው። የአባዬ 6500 ይላል። ስድስተኛ ነው። አለቀ።

ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ትሑት ልጅ ነው። “እህቴ፣ ችግር የለውም” አለኝ። “ፍተሻውን አልፎ እንዲገባ አድርጌ እጭንልሻለሁ። ፎርማት ላድርገውና ከሰዓት ነይ ውሰጂው።” ይህ መንገድ እውነትም አለ፣ ብዙ ሰውም አድርጎታል። ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። እኔ ደግሞ አፕዴት ፍለጋ ነው የመጣሁት። በዚያ ላይ “ፎርማት” የሚለው ቃል፣ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነውና፣ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ነገ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ።

ማታ የአባዬን ፋይሎች በፍላሽ ገልብጬ በእኔ ላፕቶፕ ከፈትኳቸው። ባክአፕ ልይዝ ነበር ሐሳቤ። የቅርቦቹ በደንብ ተነበቡ። የ1996ቱን የአባላት መዝገብ ስከፍት ግን አማርኛ የለም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ የዶላር ምልክት። ከላይ እስከ ታች እንደዚያ ነው። ሌላውን ከፈትኩ፣ ያው ነው። ተበላሽቶብኛል ብዬ ደነገጥኩ። ሮጬ ወደ ሳሎን ሄድኩና እዚያ ከፈትኩት። ኩልል ያለ አማርኛ።

ይህን ትንሽ ላብራራው፤ ብዙዎቻችሁ ቤት ተመሳሳይ ፋይል ይኖራልና። ድሮ ኮምፒውተር ለፊደላችን የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት ግዕዝን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ፣ ይዞ የመጣው ቪስታ ከሚባለው እትሙ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው በላዩ ላይ የእኛን ፊደል ይስሉ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ነው። ሀ አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። ብዙ መሥሪያ ቤትና ብዙ ሰው ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ለዓመታት በለመደው ቀጥሏል። አባዬም አንዱ ነው።

ኮምፒውተሩ ፎርማት ቢደረግ ያ ፎንት አብሮ ይጠፋ ነበር። ፋይሎቹን በፍላሽ አስቀምጫለሁ ብዬ እፎይ እል ነበር። ከወራት በኋላ አባዬ አንዱን ሊያነብ ሲከፍተው ምን እለው ነበር?

ፋይሎቹ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት መቼ በስንት እንደተገዛ አለ። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን መቼ እንዳረፈ፣ ለማን ቤተሰብ ስንት እንደተሰጠ አለ። ግማሾቹን ሰዎች ልጅ ሆኜ አውቃቸዋለሁ። የእማዬ ቀብር ወጪም እዚያ ውስጥ ነው። አባዬ ራሱ ነው የጻፈው። ያን ቀን እንዴት ቁጭ ብሎ እንደጻፈው ጠይቄው አላውቅም።

ከዚያ ማታ በኋላ ጥያቄዬ ተቀየረ። የትኛው ዊንዶውስ ይሻላል ማለቱን ትቼ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ከዚህ ኮምፒውተር ውጭ በሕይወት ይኖራል ወይ እል ጀመር። አይኖርም ነበር። ይህ ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር አይገናኝም። ዴስክቶፑ በመብራት መምጣትና መሄድ አንድ ቀን ቢቃጠልም ያው ነበር የሚሆነው።

በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራውን ሊኑክስንም ሞክሬዋለሁ። ሚንት የሚባለውን በፍላሽ ጭኜ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳልጭን ከፍላሹ አስነሳሁት። ለዚህ ዕድሜ ላለው ማሽን ጥሩ ነው፣ ነፃ ነው፣ አፕዴትም አለው። ተማሪ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ደፍራችሁ ስጧቸው። አባዬ ግን አይጡን ይዞ ትንሽ ፈለገና “የእኔ ወርድ የት ሄደ?” አለኝ። በሰባ ዓመቱ እጁ የለመደውን ላስቀይረው አልፈለግኩም።

በመጨረሻ ያደረግኩት ይህ ነው። መጀመሪያ ፎንቶቹን ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ ከሚለው ገልብጬ አወጣሁ። ፋይሎቹንና ፎንቶቹን አንድ ላይ አድርጌ አንዱን ኮፒ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላውን እህቴ ዘንድ አዳማ ላክሁ። ሁለቱ አንድ ቤት እንዳይሆኑ ነው። ቀጥሎ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የአንድ ዓመት የደህንነት አፕዴት ማራዘሚያ ውስጥ ገባሁ። እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 ይቆያል፤ በእኛ ጥቅምት 3 ቀን 2019 መሆኑ ነው። ሠላሳ ዶላር ከፍሎ መግባት ይቻላል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ላደረገ ደግሞ በነፃ ነው። እኔ በነፃው ገባሁ። ኮምፒውተሩ የመጨረሻው 22ኤች2 እትም ላይ መሆን ስላለበት መጀመሪያ እሱን ማውረድ ነበረብኝ፤ ዳታ ይበላል፣ ተዘጋጁ።

ማራዘሚያው አዲስ ነገር አያመጣም። ቀዳዳ መድፈን ብቻ ነው ሥራው። እኔም የፈለግኩት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ያገለገለ ኮምፒውተር እየፈለግኩ ነው። እሱ ሲገኝ ያኛው ቶሎ ፎርማት አይደረግም፤ ከኢንተርኔት ተነቅሎ ትንሽ ይቆያል።

ፒያሳ ያለው ልጅ ጋ ተመልሼ ነገሩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና “እስከ ዛሬ ስንቱን ፎርማት አድርጌያለሁ” አለ። አሁን ሰው ሲመጣ የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ አለህ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ነግሮኛል። ደስ ብሎኛል።

የቀረን መተየብ ነው። የድሮውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፤ እኔ የሞከርኩት አንዳንድ ፊደል ሲያዛባ አየሁ። የሰው ስም ላይ አንድ ፊደል ቢዛባ ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ከእራት በኋላ አባዬ ከዴስክቶፑ ያነባል፣ እኔ ላፕቶፔ ላይ እተይባለሁ። አንዳንድ ስም ላይ ሲደርስ ማንበቡን ያቆምና ስለ ሰውየው ያወራል። የት ይኖሩ እንደነበር፣ ማንን እንዳገቡ፣ ድንኳን ሲተከል ማን ገመድ ይይዝ እንደነበር። እኔም መተየቤን አቆማለሁ። ትናንት አንድ ገጽ ብቻ ነው የሄድነው።

በመዝገቡ 1999 ዓ.ም. ላይ ደርሰናል። እየጠራኝ ነው፣ ልሂድ። ሰላም እደሩ።