ጨርቅ የሌለው ስፌት፦ ለምናባዊ ዓለም ልብስ መሥራት ከየት ይጀመራል?

(ምስል፦ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አቫታር፣ ማለትም ሮብሎክስ በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹን የሚወክል ሰው መሰል ምስል፣ ፊት ለፊት ቆሟል። መሐል ደረቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ወርዶለታል፤ የሸሚዙን የታች ጠርዝም ያው ጥለት ይዞረዋል።)

ከፊት ሲታይ ምንም አይወጣለትም። እስቲ ወደ ጎን እናዙረው።

(ምስል፦ አቫታሩ ይዞራል። ጎኑ ላይ ጥለቱ ተሰብሯል።)

አያችሁት? የፊቱ ጥለትና የጎኑ ጥለት አልተገናኙም። የጎኑ ሦስት ፒክስል ወደ ታች ወርዷል። ይህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ጨርሼ በኩራት ፎቶውን ለእህቴ ብልክላት «ሰፊው ጠጥቶ ነበር እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ። ለምናባዊ ዓለም ልብስ መሥራት ከየት ይጀመራል ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ የሚነሣው ከዚህ ከተሰበረ ጥለት ነው።

እውነተኛ ልብስ ሰፊ ሳያስበው የሚያገኛቸው ነገሮች አሉ። ጨርቁ በራሱ ይታጠፋል። ክንድ ሲነሣ እጅጌው አብሮ ይነሣል። ብርሃን ሲያርፍበት ጥላው ማንም ሳያዘው ይወድቃል። በምናባዊ ዓለም ይህ ሁሉ የባለሙያው ዕዳ ነው፤ እጥፋቱም ጥላውም ይሣላል፣ እጅጌውም ክንዱን እንዲከተል ይታዘዛል። ብዙ ጀማሪዎች ከባዱን የሦስት ገጽታ ሶፍትዌር ከፍተው በሁለተኛው ቀን ተስፋ የሚቆርጡት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊሸከሙት ስለሚሞክሩ ይመስለኛል። እኔ የምመክረው ከጠፍጣፋ ሥዕል መጀመርን ነው።

(ምስል፦ አንድ የካርቶን ሳጥን ማጣበቂያው ይላጣል፤ ሳጥኑ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል።)

የካርቶን ሳጥን ፈትታችሁ ስትዘረጉት ስድስቱ ገጾች አጠገብ ለአጠገብ ይተኛሉ። የሮብሎክስ የተለመደው ሸሚዝ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጨዋታው ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ የአቫታሩ ሰውነት በመሠረቱ የሳጥኖች ስብስብ ነው። የሸሚዙ ቴምፕሌት፣ ማለትም የሚሣልበት መነሻ ቅጽ፣ ወርዱ 585፣ ቁመቱ 559 ፒክስል የሆነ አንድ ሥዕል ነው። በውስጡ የደረቱ ፊት 128 በ128 ፒክስል ይይዛል፤ ጀርባውም እንዲሁ። የደረቱ ጎኖችና የክንዶቹ ዙሪያ ገጾች እያንዳንዳቸው 64 በ128 ናቸው። ሱሪው ለብቻው ሌላ ሥዕል ነው፣ መጠኑ ግን ያው ነው። ከሁሉም የሚቀለው ቲሸርት የሚባለው ሲሆን፣ ደረት ላይ ከሚለጠፍ አንድ ካሬ ሥዕል አያልፍም። እርሱን በአሥር ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ፤ ብዙም አያስተምራችሁም።

ለሥራው ፎቶሾፕ ያለው በፎቶሾፕ ይሥራ። የሌለው ጊምፕ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም በነጻ አውርዶ መጠቀም ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም።

(ምስል፦ ቴምፕሌቱ በጣም ተጠግቶ ይታያል። እያንዳንዱ ፒክስል እንደ ትንሽ ካሬ ይለያል።)

አሁን ጠጋ እንበል። 128 ፒክስል ማለት ስልካችሁ ላይ ካለ የአንድ መተግበሪያ ምልክት ብዙም አይበልጥም። እኔ በዚህች ቦታ የእናቴን ቀሚስ ጥለት ላሰፍርባት ተነሣሁ። ፎቶ አንሥቼ፣ አሳንሼ ለጠፍሁት። የወጣው ቀለም የተቀላቀለበት ጭቃ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ውብ ሥራ አንድ መስመር እንኳ አልተለየም። ስለዚህ ፎቶውን ትቼ ፒክስል በፒክስል መሣል ጀመርሁ።

የጥለቱ ዋና ቅርጽ በጫፉ የቆመ ካሬ ነው። ጫፉ ሹል እንዲሆን አንድ ፒክስል ብቻ ይሁን ካላችሁ ወርዱ ኢተጋማሽ ቁጥር መሆን አለበት፤ 7 እንበል። ደረቱ ግን 128 ነው፣ ተጋማሽ። ከ128 ላይ 7 ሲቀነስ 121 ይቀራል፤ ይህ ለሁለት እኩል አይካፈልም። በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 61 ይተርፋል። አንድ ፒክስል ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፤ በዚህ መጠን ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፣ ጥለቱ ወደ አንድ ወገን የተሳበ ይመስላል። ወርዱን 8 ስታደርጉት በሁለቱም በኩል 60 ይተርፋል፤ ጥለቱም መሐል ላይ ቀጥ ይላል። የካሬው ጫፍ ግን ሁለት ፒክስል ሆኖ ትንሽ ይደንዛል። እኔ ድንዙን መረጥሁ።

ይህን የሚሰማ ሸማኔ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ጥለት ድሮም ድር እየተቆጠረ የሚገባ ነው፤ አንድ ክር የዘለለ ሸማኔ ስህተቱን ከእጁ በፊት ዓይኑ ያውቀዋል። እኔ ፒክስልን እንደ ድር መቁጠር እንዳለብኝ የገባኝ ሸሚዙ ከተበላሸ በኋላ ነው። የታችኛውን ጥለት ከፊት ስሥል ከጠርዙ 6 ፒክስል ከፍ አድርጌ ነበር፤ ወደ ጎኑ ስመጣ ግን በዓይኔ ገምቼ 3 ላይ አሳረፍሁት። የተሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ገጽ ከገጽ የሚገናኝበትን ጠርዝ ሁሉ ቁጠሩት እንጂ አትገምቱት።

ሥዕሉ ሲያልቅ ከማሳተማችሁ በፊት ሮብሎክስ ስቱዲዮ በተባለው የጨዋታው መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ አቫታር ላይ አልብሳችሁ አዙሩት። ሸሚዝ ለመጫን በሮበክስ፣ በጨዋታው ገንዘብ፣ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ለተሰበረ ጥለት ሁለት ጊዜ መክፈል ያናድዳል፣ እኔ ከፍዬ አውቀዋለሁ።

(ምስል፦ የሰው ቅርጽ ያለው አቫታር። ቆዳው ቀስ ብሎ ይላቀቅና ጠፍጣፋ ሥዕል ሆኖ ይዘረጋል።)

ሳጥኑን የለመደ ሰው ወደ ክብ ሰውነት ይሻገራል። እዚህ ላይ ሴኮንድ ላይፍን ማንሣት ግድ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ሊንደን ላብ ይህን ዓለም የከፈተው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኩባንያው ተጠቃሚዎች በውስጡ ለፈጠሩት ነገር የአእምሯዊ ንብረት መብታቸው የራሳቸው እንደሚሆን አስታወቀ። ሸሚዝ የሣለ ሰው የሸሚዙ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ለልብስ ሥራው ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ አልነበረም።

የመጀመሪያው የሴኮንድ ላይፍ አቫታር ልብስ ሰውነት ላይ የሚቀባ ሥዕል ነበር። ሰውነቱ ራስ፣ የላይኛው አካልና የታችኛው አካል ተብሎ በሦስት ሥዕሎች ይዘረጋል። ረጅም ቀሚስ የሚሠራ ሰው ወገብ ላይ ሁለት ሥዕሎችን ማገናኘት ነበረበት፤ ያው የእኔ ጣጣ። ለቀሚስ ታስቦ የተዘጋጀው ቅርጽ ደግሞ የለባሿን ዳሌ ሳትጠይቀው ያሰፋው ነበር። 

በተቀባ ልብስ ላይ ችሎታ የሚለካው በእጥፋት ነው። በሥዕል ፕሮግራሙ ውስጥ አዲስ ንብርብር (ሌየር) ክፈቱ፤ ብሩሹን አለስልሱና ኃይሉን ቀንሱት። ጥቁር ቀለም አትንኩ። ጥቁር ጥላ ነጭ ጥጥን ያቆሽሸዋል፤ ለነጭ ጥጥ ወደ ግራጫ ያደላ ሰማያዊ ወይም የደበዘዘ ክሬም ይሻላል። ከዚያ ጨርቅ የሚሳብበትን ነጥብ ፈልጉ፦ ብብት፣ የክርን ውስጥ፣ የተቆለፈ አዝራር። እጥፋት ሁሉ የሚነሣው ከእንዲህ ዓይነት ነጥብ ነው፤ ወደ ውጭ ሲሄድ እየሰፋና እየደበዘዘ ይጠፋል። መስተዋት ፊት ቆማችሁ ሸሚዛችሁን ለብሳችሁ ክንዳችሁን አንሡ። ከዚያ የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

(ምስል፦ የእጅጌ ጠርዝ ተጠግቶ ይታያል፤ ዳሩን ቀጭን ነጭ መስመር ከቦታል።)

ይህች ነጭ መስመር የጀማሪ ፊርማ ናት። ጥቁር ሸሚዝ ሠርታችሁ እጅጌው ዙሪያ እንደ በረዶ የመሰለ ጠርዝ ብቅ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ግልጽ በሆነው ክፍል ሥር የቀረው ነጭ ቀለም ከጨርቁ ቀለም ጋር ጠርዙ ላይ ይቀላቀላል። መድኃኒቱ ከልብሱ ሥር ሌላ ንብርብር አድርጎ በልብሱ ቀለም ከጠርዙ አልፎ መሙላት፣ የሚታየውንና የማይታየውን ክፍል ደግሞ በአልፋ (ግልጽነትን በሚወስነው የሥዕሉ ክፍል) ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ሴኮንድ ላይፍ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሥዕል ሳትጭኑ አቫታራችሁ ላይ እንድታዩ ስለሚፈቅድ፣ እንዲህ ያለው ስህተት አሁን ገንዘብ አያስወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሴኮንድ ላይፍ ሜሽ የሚባለውን ከውጭ የተሠራ የሦስት ገጽታ ቅርጽ ተቀበለ። ልብስ ከቆዳ ተላቀቀ፤ ኮሌታ ተነሥቶ ቆመ፣ ቀሚስ ከእግር ራቀ። ሮብሎክስም ከዓመታት በኋላ ከሰውነት በላይ የሚደረብ የሦስት ገጽታ ልብስ አስገብቷል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ብሌንደር የተባለው የሦስት ገጽታ ሶፍትዌር ነው። ነጻ ነው፤ ሲከፈት ግን በአዝራር ብዛት ያስደነግጣል። ልብስ ሰፊ የሆነ ወይም የሆነች ሰው ካላችሁ ደግሞ ማርቨለስ ዲዛይነር የተባለውን የልብስ መሥሪያ ሶፍትዌር አሳዩአቸው። እዚያ የደረትና የእጅጌ ቁራጭ እንደ ወረቀት ልክ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ጨርቁም አቫታሩ ላይ ወድቆ ይታጠፋል። ይከፈልበታል፤ የሚያወጣው ቅርጽም ለጨዋታ ስለሚከብድ መቀነስ አለበት። መቀስና ልክ የሚያውቅ እጅ ግን ከእኛ ከሥዕል ሠሪዎቹ ቀድሞ ይደርሳል።

(ምስል፦ አቫታሯ ክንዷን ወደ ላይ ታነሣለች። የሸሚዙ ጎን እንደ ክንፍ ተስቦ ይወጣል።)

ብብት። የሜሽ ልብስ ሁሉ ፈተና እዚህች ቦታ ላይ ነው። አቫታር በውስጡ አጥንት አለው፤ በልብሱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ የትኛውን አጥንት በምን ያህል ድርሻ እንደሚከተል ይነገረዋል። በሴኮንድ ላይፍ አንድ ነጥብ ከአራት አጥንት በላይ መከተል አይችልም። የጎን ስፌቱ አጠገብ ያለ ነጥብ ክንዱን አብዝቶ ከተከተለ፣ ክንዱ ሲነሣ እንዲህ እንደምታዩት የሌሊት ወፍ ክንፍ ይበቅላል። ደረቱን ብቻ ከተከተለ ደግሞ ክንዱ ጨርቁን ሰንጥቆ ይወጣል። ብሌንደር ይህን ድርሻ በቀለም ያሳያል፤ ቀዩ ሙሉ በሙሉ የሚከተለው፣ ሰማያዊው የማይከተለው ነው። ሥራው ከቀይ ወደ ሰማያዊ ቀስ ብሎ የሚወርድ ቀለም ብብቱ ላይ መቀባት፣ ክንዱን ማንሣት፣ ማየት፣ እንደገና መቀባት ነው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ በአንድ ብብት ላይ አሳልፌ አውቃለሁ፤ የግራው ነበር። ከልብሱ ሥር የሚሾልከውን ቆዳ ግን በአልፋ መደበቅ ይቻላል፤ ስለ እርሱ አትጨነቁ።

አቋራጭ አለ ወይ? አለ። ሌላ ሰው የሠራውን ሜሽ ከሙሉ ፈቃድ ጋር ገዝቶ የራስን ሥዕል ማልበስ የታወቀ መንገድ ነው። የፈቃዱን ጽሑፍ ግን አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹን ራሱን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው። የሰው ሥራ መቅዳት በዚህ ዓለም የቆየ ቁስል አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ኮፒቦት የተባለ ፕሮግራም በሴኮንድ ላይፍ የሌሎችን ዕቃ መገልበጥ ሲጀምር ብዙ ባለ ሱቆች በተቃውሞ ሱቃቸውን ዘግተው ነበር።

ገንዘቡን በአጭሩ ልበለው፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠይቀው እርሱን ነው። በሴኮንድ ላይፍ 1 የአሜሪካ ዶላር ወደ 250 የሚጠጋ ሊንደን ዶላር (የዚያ ዓለም መገበያያ) ያወጣል፤ ስለዚህ በ250 ሊንደን ዶላር የተሸጠ ቀሚስ አንድ ዶላር ገደማ ነው። ሮብሎክስ ያፈራችሁትን ሮበክስ ወደ ዶላር የሚቀይረው ቢያንስ 30,000 ስታጠራቅሙ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ሸሚዙን ከመሣላችሁ በፊት ክፍያ የሚያስተላልፈው ድርጅት ወደ እናንተ አገር ገንዘብ ይልክ እንደሆነ አጣሩ። መክፈል መፍቀድና ገንዘብ መቀበል መፍቀድ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ዓመት ለራሳችሁና ለጓደኞቻችሁ ሥሩ።

(ምስል፦ ነጩ ሸሚዝ ታርሞ ተመልሷል። አቫታሩ ቀስ ብሎ ይዞራል።)

ይህ የታረመው ነው። ፊቱ 6፣ ጎኑ 6፣ ጀርባው 6። ጥለቱ ሳይሰበር ዞሮ ይገጥማል። ለእህቴ ድጋሚ ላክሁላት። ብዙ ሰዓት ቆይታ መለሰችልኝ፦ «የቀኝ እጅጌው ጥለት ከግራው ይወርዳል።»

(ምስል፦ የቀኝ እጅጌው ይጠጋል።)

በሁለት ፒክስል።