አንድ ቀለበትና አንድ ገመድ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እዚሁ አራት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ፣ «ባሕር በሌለው አገር የባሕር ሥነ ሕይወት ተምረህ የት ልትሠራ ነው?» ብለው የጠየቁኝ አባቴ ነበሩ። እሳቸው ግን ወጣትነታቸውን በምጽዋ፣ በባሕር ኃይል ያሳለፉ ሰው ናቸው። ስለ ዳህላክ ደሴቶች እየተረኩ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ ጥፋቱም የእሳቸው ነው።

ቀይ ባሕርን በዓይኔ ያየሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ግብፅ ሄጄ ሁርጋዳ ስደርስ ነው። ሥራዬ ዓሣ መቁጠር ነበር። ውኃ ውስጥ ተደፍቼ በእርሳስ ሰሌዳ ላይ ጭረት ስጭር እውላለሁ። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚሟገቱትን ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሳይንስ ያልሆነላቸው አድርጌ ነበር የምቆጥራቸው።

በዓመቱ ወደዚያው ቦታ ስመለስ የማውቀው ኮራል፣ ያ ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ፣ ተሰባብሮ አገኘሁት። የቱሪስት ጀልባዎች መልሕቅ ጥለውበት ነው። ደንዳናው ኮራል በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኔን ቁመት እስኪያህል መቶ ዓመት አይበቃውም።

መድኃኒቱ ተራ ነገር ነው። የባሕሩን ወለል ሰርስሮ የብረት ቀለበት መትከል፣ ከቀለበቱ ገመድ፣ ከገመዱ ጫፍ ተንሳፋፊ ኳስ ማሰር። ጀልባው ከዚያ ይታሰራል፤ መልሕቅ አይጥልም። የሚከብደው መሰርሰሩ ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ መልሕቅ ሲጥል የኖረን ካፒቴን ማሳመን ነው። በተሰባበረ ዐረብኛዬ፣ ሻይ በሻይ ላይ እየደረብሁ፣ አንዱን ለማሳመን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በኋላ መልሕቅ የሚጥሉትን የሚቆጣው እሱ ሆነ፤ ያውም ከእኔ በባሰ ቁጣ።

አሜሪካዊቷ የዓሣ ተመራማሪ ዶክተር ዩጂኒ ክላርክም ወደዚያው ባሕር የሄዱት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓሣ ለማጥናት ነበር። ኋላ ግን በሲና ደቡባዊ ጫፍ ያለው ራስ መሐመድ እንዲጠበቅ ከወተወቱት አንዷ ሆኑ፤ ቦታው በ1983 እ.ኤ.አ. የግብፅ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ።

አሁን «ቀበና የጣላችሁት ፕላስቲክ ባሕር ይገባል» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልልም፤ ውሸት ነው። ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂ በአባ ሳሙኤል አልፎ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ቆሻሻችን ከእኛው ዘንድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቀበና ድልድይ አጠገብ እንገናኝ። ቦት ጫማ አድርጋችሁ ኑ፤ እርሳስና ሰሌዳ እኔ አመጣለሁ።