«የልጆች ልብስ» የሚባል ኮድ የለም

[ምስል፦ ጎንደር፣ አራዳ። በሩ ላይ የልጆች ቀሚስ የተደረደረበት ሱቅ።]

ተራኪ፦ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ጎንደር ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚለብሱት ልጆች ናቸው። ጥር 11 ሲቃረብ የልጅ ልብስ ሱቆች በወላጅ ይጨናነቃሉ። ከቻይናና ከቱርክ የሚመጣው ልብስ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጭኖ እዚህ ይደርሳል።

ዛሬ የማወራችሁ መሃል ላይ ስላለችው ነገር ነው። ልብሱ ጉምሩክ ላይ ምን ተብሎ ይመዘገባል? ብዙ ነጋዴ ኢንቮይሱ ላይ «የልጆች ልብስ» ብቻ አስጽፎ ይመጣል። ጉምሩክ ዕቃን ሁሉ በምዕራፍና በቁጥር (በኮድ) የሚመድብበት ታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ ግን እንዲህ የሚል ርዕስ የለም። የሕፃናት ልብስ አለ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ልጆች ከአዋቂዎች ጋር ነው የተቀመጡት፣ «የሴቶች ወይም የልጃገረዶች»፣ «የወንዶች ወይም የወንድ ልጆች» እየተባለ።

[ምስል፦ ሁለት ጨርቅ በቅርብ፤ አንዱ ካኒቴራ፣ ሌላው ሸሚዝ።]

መጀመሪያ ጨርቁን እዩት። የጋቢ አገር ሰዎች ነን፣ ይሄ አይጠፋንም። ሸማኔው ድሩን ይዘረጋል፣ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ክሮቹ ይሻገራሉ። እንዲህ የተሸመነ ልብስ ምዕራፍ 62 ነው። ካኒቴራውን ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክሩ ትንንሽ ቀለበት እየሠራ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ እንደ ሹራብ ማለት ነው። ይሄ ምዕራፍ 61 ነው። መለጠጡን ብቻ አይታችሁ ግን አትወስኑ። ጅንስም ላስቲክ ክር ገብቶበት ይለጠጣል፤ የተሸመነ ነው።

[ምስል፦ የልብስ መለያ፤ 80፣ 86፣ 92 የሚሉ ቁጥሮች።]

ቀጥሎ ቁመት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዲት የሱቅ ባለቤት ከቱርክ ያስመጣችውን ቀሚስ ይዛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት እኮ ሕፃን ናት!» አለችኝ። «ልክ ነሽ እታለም» አልኳት። «ታሪፉ ግን ዕድሜ አይጠይቅም፣ ቁመት ነው የሚጠይቀው።» መለያውን ገልብጠን አየን። 92 ይላል።

ሕጉ ሕፃን የሚለው ቁመቱ ከ86 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠውን ልጅ ነው። የቀሚሱ ርዝመት አይደለም፣ የሚለብሰው ልጅ ቁመት ነው። 86 ራሱ ከሕፃናት ይቆጠራል፤ 92 ወጣ። የሹራብ ሥራ የሆነ የሕፃን ልብስ 6111 ይገባል፣ የተሸመነው 6209። እዚያ ውስጥ የወንድ የሴት የሚባል ነገር የለም። የሕፃን ካልሲና ጓንትም ሹራብ ከሆነ 6111 ነው። ዳይፐር ግን 9619፣ ኮፍያ ምዕራፍ 65፣ ጫማ ምዕራፍ 64።

ከ86 ሲያልፍ ፆታው ይመጣል። ከፊት የሚቆለፍ ልብስ ግራው በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ፣ ቀኙ በግራው ላይ ከሆነ የሴት ነው፤ ቅዱ ራሱ በግልጽ ሌላ ካልተናገረ በቀር። ጭራሽ የማይለይ ከሆነ ከሴቶቹ ጋር ይመደባል።

በመጨረሻ ክሩ። በክብደት የሚበልጠው ይወስናል። 60 በመቶ ጥጥ፣ 40 በመቶ ፖሊስተር ከሆነ ጥጥ ነው። እኩል 50 በ50 ሲሆን ግን ወደ ፖሊስተሩ ይሄዳል፤ በታሪፉ ቁጥር ኋላ የሚመጣው ስለሚያሸንፍ። የጥምቀት ቀሚሶች ላይ ተጠንቀቁ። ውጪው የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር፣ ገበሩ ጥጥ የሆነ ብዙ አለ። መለያው ሁለቱንም ይጽፋል። ለምደባ የሚታየው ውጪው ነው፤ ገበሩን አይታችሁ «ጥጥ» አትበሉ።

ይሄን ሁሉ ለምን አጥብቄ እላለሁ? ዲክላራሲዮኑ፣ ለጉምሩክ ዕቃውን የምታስመዘግቡበት ወረቀት፣ ከዕቃው ጋር ካልገጠመ ዕቃው ይቆማል። የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል። ጥምቀትም አይጠብቅም። ሂሳቡም ተደራራቢ ነው፤ ቀረጡ የሚሰላው የዕቃው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተደምሮ ነው፣ 15 በመቶው ቫት ደግሞ ቀረጡም ተጨምሮ። ከታች አንድ ስህተት ሲገባ ወደ ላይ እያደገ ይሄዳል። ጉምሩክ ላይ የሚያስፈጽምላችሁ ትራንዚተር ጎበዝ ቢሆንም ዕቃውን በእጁ አልዳሰሰም፤ የሚሠራው እናንተ በሰጣችሁት ወረቀት ነው።

[ምስል፦ ኢንቮይስ ላይ እየተጻፈ።]

የእታለምን ኢንቮይስ ከላኪው ጋር ተነጋግረን እንደገና አስጻፍነው። «የልጆች ልብስ፣ 40 ካርቶን» የሚለው መስመር ለሁለት ተከፈለ፦

የሕፃን ቀሚስ፣ የተሸመነ፣ 100 በመቶ ጥጥ፣ ቁመት 74፣ 80፣ 86። 6209.20።

የልጃገረድ ቀሚስ፣ የተሸመነ፣ 100 በመቶ ጥጥ፣ ቁመት ከ92 እስከ 116። 6204.42።

የካርቶኖቹን ቁጥር በየመስመሩ ለይተን ጻፍን፣ በየካርቶኑ ያለውን የሚዘረዝረው ፓኪንግ ሊስቱም እንደዚያው ተስተካከለ።