ጥሩምባው ቀድሞ ይነፋ

(ደሴ፣ በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ)

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን አደራችሁ። ሼሆቻችን፣ ቄሶቻችን፣ እናቶቼ፣ ጎረቤቶቼ።

ዳኛችን ለጸሐፊው «አስር ደቂቃ ስጠው» ሲሉ ሰምቻለሁ። አስር ደቂቃ ይበቃኛል ብዬ አልዋሽም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ቤታችሁ እየገባሁ ሽቦ ስዘረጋ፣ ቡና ሳልጠጣ የወጣሁበት ቤት የለም። ዛሬም ትንሽ ታገሡኝ።

ይህችን ነጭ ነገር ከኋላ ያላችሁ ታያላችሁ? የሳሙና ማስቀመጫ ታክላለች። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ናት። ስሙ ይከብዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት እኛ በአማርኛችን «ከሰል አፈነው» ስንል ሰውን የሚያፍነው መርዝ ነው።

የደሴን ብርድ ለእናንተ አልነግርም። ሐምሌ ላይ ጦሳ ጭጋጉን ሲከናነብ ምድጃ ወደ ውስጥ የማያስገባ ማን አለ? ሁላችንም ያደግነው «ጭሱ ይውጣለት፣ ፍሙ ይቅላ፣ ከዚያ አስገቡት» እየተባልን ነው። እኔም ለልጆቼ እንዲሁ ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ጭስማ ባለውለታችን ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስለናል፣ በር ያስከፍተናል። ገዳዩ ከዚያ ከሚያምረው ቀይ ፍም የሚወጣው ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ወንበር ይይዛል። ከያዘም አይለቅም፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚጣበቀው። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየራችን ከመነሻው የሳሳ ነው፤ የሚባክን ትርፍ የለንም።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ባለቤቴ እዚህ አለች፤ ከጨመርኩ ታርመኛለች።

የወንድሜ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ከእነዚህ አንዷን ይዞልኝ መጣ። የልጄ ክፍል ውስጥ ሰቀልኳት። ዓመት ያህል ድምፅዋ ሳይሰማ ኖረች። አንድ ሌሊት «ጢጥ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ጢጥ»። ይኼ ድንጋዬ እያለቀ ነው ማለቷ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነኝና አውቃለሁ። ግን በዚያ ሌሊት ሱቅ የለም። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ አስተኛኝ» አለች። ድንጋዮቹን አወጣሁና አላርሟን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። በማግስቱ አዲስ ድንጋይ ገዛሁ። ወላሂ ገዛሁ! ማታ ግን ኳስ ነበር፤ ሪሞቱ ደግሞ እምቢ አለ።

ሳቁ፣ ሳቁ። ከናንተ ውስጥ ከግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ሰርቆ ሪሞት ውስጥ ያልከተተ ካለ እጁን ያውጣ።

ወራት አለፉ። ልጄ እኛ ቤት ወለደች። የባለቤቴ አክስት አራስ ሊጠይቁ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው መጡ። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ «እናንተ በረዶ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት!» አሉ። የቆላ ሰው ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ማታ አራሷ እንዳይበርዳት ብለው ምድጃውን ወደ ክፍሉ አስገቡ። በረንዳ ላይ ጭሱን አስወጥተው፣ ፍሙን አቅልተው፣ በበሩ ሥር ብርድ እንዳይገባ ነጠላ ወትፈው። እኛ እንዳስተማርናቸው፣ እናቶቻችንም እኛን እንዳስተማሩን ነው ያደረጉት። በፍቅር ነው ያደረጉት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሕፃኑ አለቀሰ። ልጄ ራሷን እየፈለጣት ተነሣች። እግሯ አልታዘዝ አላት። እንደምንም በሩ ጋ ደረሰች፣ ከፈተችው፣ እዚያው ወደቀች። እኔን የቀሰቀሰኝ የወደቀችበት ድምፅ ነው። አላርሟማ መሳቢያ ውስጥ ናት።

ገብቼ አክስታችንን ባያቸው ያስመልሳቸዋል፤ ንግግራቸውም ተምታትቷል። እኔ «ምች ነው» አልኩ። ባለቤቴ «ዓይን ነው» አለች። ጎረቤት ወተት ይዞ መጣ። ሰላሳ ዓመት በሽቦ የኖረ ሰው፣ ምድጃው ፊቱ ተቀምጦ እያየው፣ «ምች ነው» ይላል!

አንድ ጤና ተቋም ወሰድናቸው። ጣት ላይ የምትቆነጥጠዋን መሣሪያ ለልጄ ሰኩላት። 98 አለች። «ኦክስጅኗ ሙሉ ነው፤ ይዛችኋት ሂዱ» ተባልን። ለካ ያች መሣሪያ ኦክስጅን የያዘ ደምና ይህን መርዝ የያዘ ደም አትለይም። ሁለቱንም «ደህና» ነው የምትለው። በር ላይ ስንደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ተከትሎን ወጣ። «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?» አለ። ያች ጥያቄ ናት ያተረፈችን። መልሶ አስተኛቸውና ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል ሰጣቸው። እንዲሁ አየር ቢስቡ መርዙ በግማሽ እንዲቀንስ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብሉ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል ብሎ አስረዳኝ። ስለ ወተቱ ጠየቅሁት። «ቁርስ ነው» አለ።

ሁሉም ተርፈዋል፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሕፃኑም ያውላችሁ፤ ከኋላ አግዳሚውን እየደበደበ የሚረብሸን እሱ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ያን ሌሊት ልጄ ብትሞት ኖሮ ይህ እድር ምን ያደርግ ነበር? አውቀዋለሁ። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳን ይተከላል። ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ አግዳሚው ይመጣል። ሁላችሁም ደጄ ላይ ትቀመጡ ነበር። ክፉ ቀን ላይ እንደ እናንተ ያለ ሰው የለም፤ አይቻለሁ።

ግን ባለፈው ዓመት አሮጌው ድንኳን ሳይቀደድ አዲስ ገዛን። የተቃወመ ነበር? እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። በዚያው ስብሰባ «ለየቤቱ አንድ አንድ አላርም እንግዛ» ስል ምን ተባልኩ? «የእድር ሥራ አይደለም» ተባልኩ። «ደንቡ ውስጥ የለም» ተባልኩ። ደንቡ ከሰማይ ወረደ እንዴ? እዚሁ ቁጭ ብለን የጻፍነው አይደለም? ቀብር የቀረን እንቀጣለን። ለቀብር ጥሩምባ ነፊ አለን። ይህችም ጥሩምባ ነፊ ናት! ልዩነቱ፣ የእኛው የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ እሷ የምትነፋው ሳይሞት ነው። ለሬሳ የሚያዋጣ እድር በሕይወት ላለ ሰው ማዋጣት ለምን ያቅተዋል?

አታጨብጭቡ። ባለፈውም አጨብጭባችኋል። እጃችሁን ድምፅ ሲሰጥ አውጡት።

«ቀኑ ከደረሰ አላርም አያስቀረውም» ያሉኝም አሉ። ሼሃችን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ የሚለውን እሳቸው ይንገሯችሁ።

እሺ፣ እንግዛ ብንልስ? ገዝቶ መስቀል ብቻ አይበቃም። ለዚህ ምስክሩ እኔ ነኝ። «ጢጥ» ስትል ድንጋይ ወይም አዲስ አላርም ጠየቀች ማለት ነው። አብዛኞቹ አደጋ ሲኖር አራት አራቴ እየደጋገሙ ነው የሚጮኹት። ያኔ ፍሙን ላጥፋ፣ ቡናው ይድረስ ማለት የለም። በር ከፍቶ ሰውን ሁሉ ይዞ መውጣት ነው። ቡና ባፈላሁ ቁጥር ትረብሸኛለች ብላችሁም አትፍሩ። በአውሮፓ መለኪያ የተሠራችው፣ ከሚሊዮን የአየር እጅ 50ው መርዝ ቢሆን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ታግሣ ነው የምትጮኸው። 300 ሲደርስ ግን ሦስት ደቂቃ አትሰጥም። በርጫ ላይ መስኮት ዘግታችሁ፣ ፍም ከባችሁ የምትውሉ ወጣቶች፣ የምትጮኸው ለእናንተ ነው።

የምትሰቀለው በምንተኛበት ክፍል፣ ራሳችን በሚያርፍበት ከፍታ ነው። ከምድጃው አንድ ሜትር እስከ ሦስት ሜትር ትራቅ። ከመጋረጃ ጀርባ አትደበቅ። አላርም አለኝ ብሎ ፍም ታቅፎ መተኛት ደግሞ ሌላ እብደት ነው።

በወር አንዴ ቁልፏን ተጫኑ። ቁልፏ የምትፈትሸው ግን ድምፁንና ድንጋዩን ነው። ማሽተቻዋ አርጅቶም መጮኋን ትችልበታለች። ለዚህ ነው ጀርባዋ ላይ የምትቀየርበት ዓመት የተጻፈው። አንድ ጎረቤቴ 2025 የሚለውን አሳየኝና «ገና ብዙ ዓመት አላት» አለኝ። ወንድሜ፣ እሱ በፈረንጅ ነው! በእኛ 2017 ማለት ነው፤ አልፏል።

ስለ ጋዝ ሲሊንደር ባጭሩ። የጋዝ አላርም ሌላ ዕቃ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የእኛ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ከወለሉ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሰካ። ከጣሪያ አጠገብ ስቀሉ የሚለው ካርቶን በቧንቧ ለሚመጣው ቀላል ጋዝ የተጻፈ ነው። ብዙዎቹ በሶኬት ስለሚሠሩ መብራት ሲጠፋ እነሱም አብረው ይተኛሉ። ያኔ አፍንጫችሁን እመኑ፤ ሽታው ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። ሲሸት ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በር መክፈት፣ መብራት አለማብራት፣ አለማጥፋትም። ጎማው ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ እዩ። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን ዛሬ አልጠራም።

ዳኛችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ አላርም መግዣ ከእድሩ ካዝና ይውጣ። ሁለት፣ መዋጮ የሚሰበስበው ልጅ በየወሩ ሲዞር በየቤቱ ቁልፏን ተጭኖ ይሂድ። ድንጋይዋን ለሪሞት ያዋለ፣ ቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣ። የመጀመሪያውን ቅጣት እኔ እከፍላለሁ፤ ይኸው ገንዘብ ያዣችን ፊት አስቀምጬዋለሁ።

ጸሐፊ፣ ድምፅ አስቆጥር። ከዚያ በፊት ቁልፏን ልጫን ነው። ሕፃን የያዛችሁ ጆሮውን ያዙለት።