ትልቅ ፓምፕ ወይስ ጠንካራ ፓምፕ? የአርቢ26 የዘይት ጣጣ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ክብ ብረት። አንዱ ጥግ ተሰንጥቆ ወድቋል።]

ይቺን ብረት እዩዋት። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ናት። ስትሰበር ግን ሞተሩን ይዛው ነው የምትሄደው።

የኒሳን ስካይላይን ጂቲአር የዘይት ፓምፕ የውስጥ ጥርስ ናት። ሞተሩ አርቢ26 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 አር32 ከሚባለው የጂቲአር ትውልድ ጋር መጣ። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 2.6 ሊትር፣ ሁለት ተርቦ። ኒሳን በወረቀት 280 የፈረስ ጉልበት ብሎ ጻፈው። የጃፓን አምራቾች ያኔ ከዚያ በላይ ላለመጻፍ ተስማምተው ነበርና ወረቀቱን ብዙም አትመኑት። መኪናው በጃፓን ግሩፕ ኤ ውድድር ከ1990 እስከ 1993 ድረስ 29 ጊዜ ገብቶ 29ኙንም አሸንፏል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሞተር በዘይት ፓምፕ ይታማል? እንዴታ! ጉልበት የጨመረለት ሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚሰማው ሐሜት ይሄ ነው። ሰሚው ደግሞ ሮጦ የሚሄደው ትልቁን ፓምፕ ሊገዛ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ለምን እንደማያዋጣ ነው።

[ምስል፦ የፓምፑ ሥዕላዊ እንቅስቃሴ። የውስጥና የውጭ ጥርስ ሲዞሩ።]

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ፓምፕ ግፊት አይሠራም። ፓምፕ ዘይት ይገፋል፣ አለቀ። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ ማለፊያ ሲጠበው ነው። የውሃ ጎማ ጫፍ በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሃው እንደሚፈናጠረው ማለት ነው። እዚህ አውራ ጣቱ ብሮንዙ ነው፤ ማለትም ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍት) የሚዞርበት ስስ ሽፋን። በብሮንዙና በኮሎው መካከል ያለው ክፍተት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። ብሮንዙ ከተበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ያኔ ፓምፕ መቀየር ሕመሙን መሸፈን ነው።

ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ይጨምራል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በሞላ የተያዘች ቫልቭ ትከፈትና ትርፉን ትመልሰዋለች። አንዳንዱ ሞላው ሥር ቀለበት አስገብቶ ያጠነክራታል። ጌጁ ላይ ያለው ቁጥር ያምራል። ፓምፑ ግን የባሰ ይጨነቃል፣ ዘይቱም የባሰ ይግላል። በዚህ መስክ የቆየ የጣት ሕግ አለ፦ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር በደቂቃ 0.7 ባር (የግፊት መለኪያ) ገደማ። ለ8,000 ዙር 5.6 ባር አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በላይ መቆለል ለፎቶ ካልሆነ ትርጉም የለውም።

[ምስል፦ የኮሎው የፊት ጫፍ በቅርብ። ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች ይታያሉ።]

አሁን ወደ ስብራቱ እንምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

የአርቢ26 ፓምፕ የሞተሩ ፊት ላይ ነው የተቀመጠው። በሰንሰለት ወይም በቀበቶ አይዞርም። የኮሎው ጫፍ በቀጥታ መሃሉ ውስጥ ይገባል። እነዚህን ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች አያችኋቸው? የውስጡን ጥርስ ይዘው የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ አር32 ሞተሮች ጠፍጣፋው ጎን አጭር ነው። ጥርሱን በሙሉ ስፋቱ አይዘውም፣ ከፊሉን ብቻ ነው የሚነካው። ኒሳን በኋላ አስረዝሞታል።

ጥርሱ ራሱ የተሠራው ከተጨመቀ የብረት ዱቄት ነው። ለመደበኛ መንዳት ይበቃል። ድንገተኛ ምት ግን አይወድም።

ምቱ ከየት ይመጣል? ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር ሲሆን ኮሎው ረጅም ነው። ረጅም ኮሎ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ትንሽ ይጠመዘዝና ይመለሳል። ይህን ንዝረት ኮሎው ፊት ላይ ያለው ፑሌጃ (ቀበቶ የሚያርፍበት ክብ) ውስጥ ያለው ጎማ ነው የሚያበርደው። ፑሌጃው ካረጀ፣ ወይም ቀላል ነው ተብሎ ጎማ በሌለው ከተቀየረ፣ ንዝረቱ በቀጥታ ፓምፑ ላይ ያርፋል። በዚህ ላይ ሹፌሩ ነዳጁን ረግጦ የዙር መገደቢያው ላይ ታ-ታ-ታ ሲያሰኘው አስቡት። ሞተሩ ይቋረጣል፣ ይለቀቃል፣ ይቋረጣል፣ ይለቀቃል። በእያንዳንዱ ላይ ጠፍጣፋው ጎን የጥርሱን ጥግ ይመታል። አንድ ቀን ጥጉ ይሰነጠቃል። ፓምፑ ይቆማል፣ ግፊቱ ዜሮ ይገባል፣ ብሮንዙ ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ይነዳል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እዚህ ታሪክ ውስጥ የዘይት ማነስ የለም። ኒሳን ለውድድር ኤን1 የሚባል ፓምፕ አውጥቶ ነበር። የሚገፋው ዘይት ይበልጣል። ጥርሱ ግን ከዚያው ከዱቄት ብረት ስለሆነ እሱም ይሰበራል። መድኃኒቱ ከድፍን ብረት ተቀርጾ የወጣ ጥርስ ነው። ከዚያ ጋር ጥሩ ፑሌጃ ይግባ። ኮሎው የቀድሞው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጫፉ ተቀርጾ ሰፋ ያለ ቀለበት ይገጠምለታል። ይህን ሦስተኛውን የሚዘለው ብዙ ነው፤ ሞተር ማውረድና ኮሎ ማውጣት ስለሚጠይቅ። እኔ ግን ሞተሩ ከተፈታ አይቀር ባይዘለል እላለሁ።

[ምስል፦ ተቆርጦ የሚታይ ሞተር። ዘይቱ በቢጫ ቀለም ከላይ ተከማችቷል።]

ትልቁ ፓምፕ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ደግሞ ይኸውላችሁ። ዘይቱ ወደ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወጣል። መውጣቱ ቀላል ነው፣ መውረዱ ነው ችግሩ። የአርቢ26 መመለሻ ቀዳዳዎች በረጅም ከፍተኛ ዙር ላይ አይችሉትም። በፒስተኖቹ ጎን ወደ ታች ያመለጠው ጋዝም በእነዚያው ቀዳዳዎች ሽቅብ ስለሚመጣ ዘይቱን ያግደዋል። ዘይቱ እላይ ይከማቻል፣ ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይጎድላል። ትልቅ ፓምፕ ስትጨምሩበት ኮፓውን ይበልጥ በፍጥነት ያራቁተዋል። ከኮፓው ዘይት የሚስበው መምጠጫ አየር ይስባል። ኮሎ ደግሞ ብሮንዙ ውስጥ በአየር ላይ አይንሳፈፍም።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚጀምሩት ከላይ ነው። ወደ ቴስታታ ዘይት የሚያወጡ ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱን ይደፍናሉ፣ ሌላውን ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ያጠባሉ። ይህ ግን ለአርቢ26 ነው። ወንድሙ አርቢ25 ሀይድሮሊክ ታፔት (በዘይት ግፊት የሚሠራ የቫልቭ መግፊያ) ስላለው ቴስታታው ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ያንኑ ቁጥር እዚያ እንዳትገለብጡ። ቀጥሎ ከቴስታታው ጀርባ ወደ ኮፓው የሚወርድ ተጨማሪ ቱቦ ይገባል። ኮፓውም ይሰፋል። በጂቲአር ላይ ኮፓ ማስፋት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የፊቱ ዲፈረንሺያል እዚያው ኮፓው ላይ ስለተገጠመ ብየዳው በጎን በኩል ነው የሚጨመረው። ገንዘብ ያለው ድራይ ሳምፕ (ዘይቱን ከኮፓው ውጪ በተለየ ጋን የሚያስቀምጥ ሥርዓት) ያስገባና ይገላገላል። ለመንገድ መኪና ግን ይበዛል።

[ምስል፦ ፓምፑ ክፍት ሆኖ። ስስ መለኪያ በጥርሶቹ መካከል ሲገባ።]

ገጠማውን በአጭሩ። ፓምፑ አዲስ ነው ብላችሁ አትመኑት፤ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፣ ቡሎኖቹን አውጥታችሁ በማጣበቂያ መልሳችሁ እሰሩ። የፓምፑ የኋላ ክዳን ቡሎኖች በንዝረት እየላሉ ያስቸገሩበት ጊዜ ብዙ ነው። መምጠጫው ከኮፓው ወለል 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራቅ። በጣም ከቀረበ ይታፈናል፣ ከራቀ አየር ይስባል።

ከማስነሳታችሁ በፊት ጥርሶቹን በቫዝሊን ሙሏቸው። ደረቅ ፓምፕ አይስብም። ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ነዳጁንም ዝጉ፣ ከዚያ በሞተሪኖ ብቻ አዙሩት። ጌጁ ሲነሳ ካያችሁ በኋላ ነው ሞተሩ የሚነሳው። መኪናው ላይ ያለውን ጌጅ ብቻ አትመኑ፤ ለዚያች ቀን ሜካኒካል ጌጅ ግጠሙ።

[ምስል፦ በመጋዝ የተከፈተ የዘይት ፊልትሮ። ወረቀቱ ተዘርግቷል።]

ከመጀመሪያው መንዳት በኋላ ዘይቱን ቀይሩ። ፊልትሮውን አትጣሉት፣ ቁረጡት። ወረቀቱን ዘርግታችሁ በብርሃን እዩት። ጥቂት ጥቃቅን ብናኝ ያለ ነው። ማግኔት የሚስበው ስንጣሪ ካለ ግን የፓምፑን ጥርስ ጠርጥሩ። ማግኔት የማይስበው የሚያብለጨልጭ ነገር ከበዛ ብሮንዙ ነው። በሁለቱም ቢሆን ሞተሩን ዳግም አታስነሱት፤ ኮፓውን አውርዱ።