ዘንጌን ምን ልቀባው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

እንደምን ዋላችሁ። የቀርቃሃ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ስለመቀባት ጠይቃችሁን ባለፈው ሰዓት አልቆብን ያልደረስንባቸው ጥያቄዎች ስላሉ ዛሬ በቀጥታ ወደነሱ ነው ምገባው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፣ ብትሰለቹም እደግመዋለሁ፦ ቀርቃሃው ሳይደርቅ የተቀባ ቅብ ዘንግ አያድንም፣ እርጥበቱን ውስጥ ዘግቶ ያበሰብሰዋል እንጂ።

ከባህር ዳር፦ ለቀርቃሃ ዘንግ ከሁሉም የሚሻለው ቅብ የቱ ነው?

ለውጭ የተሰራ የዘይት ቫርኒሽ። ጀልባና የውጭ በር የሚቀባውን ዓይነት ማለቴ ነው። ዘንግ እንደ ቁም ሳጥን አንድ ቦታ አይቆምም፣ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ቅቡም አብሮ መታጠፍ አለበት። ፈርኒቸር ላይ የሚረጨው ላከር ቶሎ ይደርቃል ያምራልም፣ ግን ድርቅ ብሎ ስለሚቀር አምባዛ አንዴ ሲጎትተው ጫፉ አካባቢ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ያወጣል፣ ውሃውም በዛች ይገባል። ጣሳው ላይ ፀሐይ ይቋቋማል የሚል ካገኛችሁ እሱን ግዙ፣ ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቅብ ትበላለች። የመጀመሪያውን እጅ ግማሽ በግማሽ በአኳራጅ፣ በዘይት ቀለም ማቅጠኛው ማለቴ ነው፣ አቅጥናችሁ ቀቡት፣ ቀጭን ስለሆነ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በየመሀሉ 24 ሰዓት አቆዩት፣ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አርጋችሁ እሹት፣ ከዛ ሁለት ወይ ሦስት ቀጫጭን እጅ ድገሙት። ለመገላገል ብላችሁ አንዴ በወፍራሙ ከቀባችሁት ላዩ ደርቆ ውስጡ እንደተላቆጠ ይቀራል።

ከእንጅባራ፦ የኛ ቀርቃሃ ይሻላል ወይስ ከመተከል የሚመጣው? አቀባባቸውስ ይለያያል?

የናንተው የደጋው ውስጡ ባዶ ነው፣ ቀላልና ረጅም ስለሆነ ቆመው ለሚያጠምዱ ክንድ አያደክምም። የመተከሉ የቆላ ቀርቃሃ፣ ሽመል የሚሉት፣ ውስጡ ድፍን ነው፣ ከባድ ግን ብርቱ። ሁለቱም ይሆናሉ፣ ብቻ 3 ዓመት ያለፈው ይሁን፣ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል። ቅቡ አንድ ነው፣ ባዶው ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ፦ በየአንጓው መሀል የታፈነው አየር ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጥና ቫርኒሹን ከስር እየገፋ አረፋ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ጠዋት ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ሳይሆን ወደ ማታ በረድ ሲል ቀቡ። መድረቁን በዓይን አትገምቱ። ሱቅ ወስዳችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ በሳምንቱ ድገሙት፣ ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ገና ውሃ አለው፣ መቀነሱን ሲያቆም ያኔ ቀቡት።

ከደጀን፦ ላዩን ልላጠው?

አትላጠው። የቀርቃሃ ጉልበቱ ያለው ላዩ ላይ ነው፣ ሰም የመሰለውን ወዝ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አንሳለት፣ አለዚያ ቫርኒሹ አይዝም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዱላዬን ቅቤ ቀብቼ እሳት ላይ እንደማሞቀው ዘንጉንም እንደዛ ባረገውስ?

ጋሼ፣ ዱላና ዘንግ ሥራቸው ለየቅል ነው። ዱላው እጅዎ ላይ ነው የሚውለው፣ ዘንጉ ግን ውሃ ላይ። ቅቤ አይደርቅም፣ ይከረፋል፣ አይጥ ይጠራል፣ በኋላ ሐሳብዎን ቀይረው ቫርኒሽ ልቀባ ቢሉ ደግሞ አይዝልዎትም። እሳት ላይ ለብ አርጎ የጎበጠውን ማቅናቱ ጥሩ ነው፣ ያውም ምንም ሳይቀባ በፊት። ከተቀባ በኋላ እሳት አጠገብ እንዳያደርሱት።

ከዳንግላ፦ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በነፃ አገኛለሁ፣ ምስጥ ስለሚከለክል እሱን ብቀባስ?

አይሆንም። አጥር ቋሚ የሚቀቡት ሰዎች ስላሉ ነው እንዲህ የምትለው። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረት አለ፣ ቆዳ ላይ ሲመላለስ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነገርም አለ። አይደርቅም፣ እጅህ ላይ ይቀራል፣ በዛው እጅህ ቆሮሶ ዓሣውን ይዘህ ቤት ትገባለህ ልጆችህም ይበሉታል፣ የቀረው ጣና ውስጥ ይገባል።

ከቡሬ፦ ክረምት ላይ ቫርኒሹ ሲወፍርብኝ ቲነር ጨምሬ ከሰል ላይ ሞቅ አረገዋለሁ፣ ዘንጉንም ከሰል ያለበት ክፍል ዘግቼ አደርቀዋለሁ፣ ችግር አለው?

ልጄ ረጋ ብለህ ስማኝ፣ ሌሎቻችሁም ራዲዮኑን ከፍ አርጉት፣ ይሄን ጥያቄ በየጊዜው ነው የምሰማው። ቲነር በሉት አኳራጅ የሚቀጣጠለው ትነቱ ነው። ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ ሽቅብ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄድና ጥግ ላይ ቡና የፈላበት ከሰል ያገኛል፣ ከዛ እሳቱ በመጣበት ተመልሶ ጣሳው ጋ ይደርሳል። አንተ ክብሪት አልጫርክም፣ ቤትህ ግን ተያያዘ። ያኔ ሰው ደንግጦ የሚነደውን ጣሳ አንስቶ ወደ ደጅ ሲሮጥ ራሱ ላይ ይደፋዋል፣ ወይ ውሃ ይቸልስበታል፣ የሚነደው ነገር ውሃው ላይ ተንሳፎ ክፍሉን ይሞላዋል። ጣሳው ላይ ክዳን በጎን አንሸራታችሁ ግጠሙ፣ ካልሆነ አሸዋ ወይ ደረቅ አፈር አፍሱበት፣ ገፍቶ ከመጣ ሁሉን ትታችሁ ውጡ። የተቃጠለ ሰው ካለ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ አፍሱበት፣ ቅቤ አትቀቡት፣ ሊጥ አትቀቡት፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት፣ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት።

ዘግቶ ማድረቁ ደግሞ ሌላ ሞት ነው። የከሰሉ ጋዝ አይታይም አይሸትም፣ እንቅልፍ የመጣባችሁ ይመስላችኋል በዛው ትቀራላችሁ። ቫርኒሽ መሞቅ ካለበት ውሃውን ኩሽና ታፈላለህ፣ በሳፋ ደጅ ታወጣለህ፣ ጣሳውን ክዳኑን ከፈት አርገህ ውሃው ውስጥ ታቆመዋለህ፣ በቃ። ክረምት ከሆነ ደረቅ ቀን ጠብቅ፣ ዓሣው የትም አይሄድም። ደሞ እባካችሁ ቲነር በሃይላንድ አታስቀምጡ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ እንዳታስታውኩት፣ ሲመለስ ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ከዘጌ፦ የተልባ ዘይትስ? ኑግስ?

ለወጥ ያሰቡት ኑግ ለወጥ ይሁን እህቴ፣ ዘንግ ላይ ለረጅም ጊዜ እንደተጣበቀ ይቆያል። ተልባ ይደርቃል፣ ግን ጥሬው ሳምንታት ይፈልጋል፣ ቀለም ቤት የሚሸጠው ማድረቂያ የተጨመረበት ይፈጥናል፣ እሱ አይበላም። ለመያዣው ጥሩ ነው፣ ውሃ በመከላከል ግን ቫርኒሽን አያክልም። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ አይጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱን ያሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ይነዳል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት ወይ ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩት።

ከመራዊ፦ ነቀዝ ገብቶበት ዱቄት ያፈሳል፣ ቫርኒሽ ቢቀባ ይሞታል?

ውስጥ ያለው አይሞትም፣ በስቶ ይወጣል። ሌላ ቁረጥ፣ የሚቀጥለውን ወራጅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ዘፍዝፈው፣ ነቀዙ የሚወደው ስታርች ይታጠባል፣ ከዛ በደንብ አድርቀው፣ በሚዛን። የእህል ነቀዝ እንክብሉን ግን እቤት ውስጥ እንዳታስበው፣ ጋዙ ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም።

ከባህር ዳር፦ የማጥመጃው ገመድ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ዘንጉ ላይ የታሰሩበትን ክር በኢፖክሲ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው በሚጠነክሩት ሙጫ፣ ስቀባ ጣቶቼ እያሳከኩ ቆዳዬ ይላጣል።

ሥራውን ዛሬ አቁም። ኢፖክሲ አንዴ ከተቆጣህ በነካኸው ቁጥር ይብሳል። ጓንት ከዚህ በኋላ ብቻውን ላያድንህ ይችላል፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ቆርቆሮውንም ይዘህ አሳየው።

ከጢስ ዓባይ፦ የሚያብረቀርቅ ቅብ ዓሣ ያባርራል?

ጥርት ባለ ውሃ አዎ። የመጨረሻውን እጅ በብረት ጥጥ ፈዘዝ አርገው።

ከባህር ዳር፦ ቅቡን መቼ ነው ማድሰው?

ውሃ ጠብ አርግበት። ድቡልቡል ብሎ ከተንከባለለ ገና ነው። ተኝቶ ቀርቃሃውን ካጠቆረው ጊዜው ደርሷል፣ ላዩን አሽተህ፣ ጥላ ላይ ሰቅለህ አድርቀህ፣ ከዛ አንድ እጅ ጨምርበት።