ማመንና መታመን

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ለመናገር ለረጅም ጊዜ ሳመነታበት የቆየሁትን ነገር ነው የማወራችሁ።

ከልጅነቴ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የእናቴ ትንፋሽ ነው። አራት ወይ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ማይክሮፎን ፊት አቅፋኝ ቆማለች። በጆሮዬ ቀስ ብላ ትነግረኛለች፣ እኔ ጮክ ብዬ እደግማለሁ። «ቤተ ክርስቲያናችን እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ። ጆሴፍ ስሚዝ ነቢይ እንደነበረ አውቃለሁ።» ሰዉ ፈገግ ይላል። እናቴ ግንባሬን ትስመኛለች።

ያደግኩት ጆሴፍ ስሚዝ በመሠረታት በኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀን ሞርሞን በሚለው ስም ነው። አያችሁ፣ ከወጣሁ ስንት ዓመት ሆኖኝ ዛሬም «የሚያውቀን» እላለሁ። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ የጾምና የምስክርነት ቀን ነው። የፈለገ ሰው ተነስቶ ይመሰክራል። አብዛኛው ሰው ታዲያ «አምናለሁ» አይልም። «አውቃለሁ» ነው የሚለው።

መጽሐፋችን ራሱ ግን እንዲህ አያስተምርም። መጽሐፈ ሞርሞን፣ አልማ 32 ላይ፣ እምነት ፍጹም እውቀት እንዳልሆነ በግልጽ ተጽፏል። ቃሉን ከዘር ጋር ያመሳስለዋል። ትተክለዋለህ፣ ከዚያ ይበቅል እንደሆነ ታያለህ። ይህን ምዕራፍ እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ። እኛ ግን ዘሩን አፈር ሳናለብስ ዛፉን አየነው እንል ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለሁለት ዓመት ሚስዮናዊ ሆኜ ወጣሁ። ሰዎችን የምንጠይቃቸው ቀላል ነገር ነበር። መጽሐፉን አንብቡ፣ እውነት መሆኑን እግዚአብሔርን ጠይቁት፣ መልሱን በልባችሁ ታገኙታላችሁ። ተስፋው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ ሞሮኒ 10 ላይ አለ። አንድ ሽማግሌ እንደነገርናቸው አደረጉ። በሳምንቱ ስንሄድ «ልጄ፣ ጸለይኩ። ምንም አልተሰማኝም» አሉኝ። «አባባ፣ እንደገና ይጸልዩ» አልኳቸው። በሳምንቱም ያው። ሦስተኛ ጊዜ ስንመለስ በእርጋታ አዩኝና «መልሱ ‹አይደለም› የሚል ሊሆን አይችልም?» ብለው ጠየቁኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ያን ጥያቄ ስንት ዓመት ተሸክሜው ዞርኩ። እኚያ ሰው ሦስት ጊዜ ተንበርክከዋል። የሚመጣውን ለመቀበል ልባቸውን ከፍተው ጠብቀዋል። እኔ መልሱን በኪሴ ይዤ ነው በራቸውን ያንኳኳሁት። ከሁለታችን እምነት የነበረው ማን ነው?

የእኔ እርግጠኝነት የተነቃነቀው በመጽሐፈ አብርሃም ነው። ጆሴፍ ስሚዝ በፈረንጆቹ 1835 ከተገዙ የግብፅ ፓፒረሶች፣ ከጥንት የደንገል ወረቀት ጽሑፎች ማለት ነው፣ ተርጉሜዋለሁ ያለውና ቤተ ክርስቲያኗ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የምትቀበለው ነው። ፓፒረሶቹ ጠፍተዋል ሲባል ኖሮ፣ ከፊሎቹ ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተገኙ። በ1967 ለቤተ ክርስቲያኗ ተመለሱ። የጥንቱን የግብፅ ቋንቋ የሚያውቁ ምሁራን ሲያነቧቸው፣ ከሙታን ጋር የሚቀበሩ ጽሑፎች ነበሩ። ይህን ከጠላት አፍ አልሰማሁትም። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ፣ በተረፉት ቁርጥራጮች ላይ የአብርሃም ስም እንደማይገኝ ገልጻለች። አማኞቹ ለዚህ የራሳቸው መልስ አላቸው፣ አልንቀውም። እኔን ግን አላሳረፈኝም።

ያን ሌሊት ልጸልይ ተንበርክኬ ቃል ጠፋኝ።

አማርኛችን «እምነት» ሲል ብዙ ነገር በአንድ ቃል ያስራል። ግሱን ስትከተሉት ግን ይለያያል። የተነገረህን እውነት ነው ብለህ ስትቀበል አመንክ ይባላል። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ሲባል ግን ስለ ሰውየው መኖር አይደለም የሚወራው። ልብን ስለ መጣል ነው። «በእግዚአብሔር ታመን» ስንባልም እንዲሁ፣ ሸክምህን እሱ ላይ ጣል ነው የምንባለው። ፍርድ ቤት ተከሳሹ አመነ ሲባል ደግሞ የደበቀውን አወጣ ማለት ነው።

ከእኔ የፈረሰው የመጀመሪያው ነው። ይሄ ሆኗል፣ ያ ተደርጓል ብሎ መቀበሉ። መታመኑም አብሮ የፈረሰ መስሎኝ ብዙ አልቅሻለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን መታመን የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አልጀመርኩትም ነበር። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ምን መታመን ያስፈልገዋል?

ለእናቴ መንገሩ ከሁሉም ከበደኝ። አንድ ማታ ዕቃ እያጠበች ሳለ «እማ፣ አላውቅም። አውቃለሁ ስል የኖርኩትን አላውቀውም» አልኳት። ያው፣ እንደ ተከሳሹ አመንኩ። እጇን አደረቀች። ተቀመጠች። አለቀሰች፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ።

«እኔም አባትህ ከሞተ ወዲህ አላውቅም» አለችኝ። «ግን እሑድ ሲደርስ ተነስቼ እሄዳለሁ።»

እናትና አባቴ በቤተ መቅደስ የተጋቡ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት፣ እንዲህ ያለ ጋብቻ ሞት አይፈታውም። እናቴ ከአባቴ ጋር እንደምትገናኝ በእጇ ምንም ማስረጃ የላትም። እንደማይቀር አድርጋ ነው የምትኖረው። የእሱን ኮት እስከ ዛሬ ከቁም ሳጥኑ አላወጣችም። በየወሩ «አውቃለሁ» ስትል ስሰማት፣ ለካ ያ ሁሉ ናፍቆት ነበር። እኔ ቃሏን ወረስኩ እንጂ ከቃሉ ስር ያለውን አላየሁም ነበር።

የወጡ ሰዎች ሁሉ እንደ እኔ አይሰማቸውም። እምነትን ጠቅልለው ትተው በሰላም የሚኖሩ ወዳጆች አሉኝ፣ አከብራቸዋለሁ። እኔ ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን አልመለስኩም። የምመለስም አይመስለኝም።

ማታ ማታ ግን እጸልያለሁ። «የሰማይ አባት ሆይ» ብዬ ነው የምጀምረው፣ ሌላ አጀማመር አልለመድኩም። ከዚያ ዝም እላለሁ። ድሮ በዚህች ዝምታ ቦታ መልሱን ራሴ እሞላው ነበር። አሁን እንደ እኚያ ሽማግሌ እጠብቃለሁ። ብዙውን ቀን ምንም አይሰማኝም። ቢሆንም ቶሎ አልነሳም።